ጋቢና የተቀመጠው ሞት

ጅግጅጋ ውስጥ በማስታወቂያ ሥዕል ነው የምተዳደረው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የመንገድ ደህንነት ሠራተኛ መጥታ፣ ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ለሚቆም ትልቅ ሰሌዳ ሥዕል አዘዘችኝ። የፈለገችው ሾፌሮች ሞትን አይተው ፍጥነት እንዲቀንሱ ነበር።

ሞትን ስሎ የማያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለትን ሣልኩ፤ ጥቁር ካባ የለበሰ፣ ረጅም ማጭድ የያዘ አጽም። ንድፉን ሱቄ በር ላይ አቁሜ በኩራት ሳየው፣ ጎረቤቴ የሆነ ሶማሌ የሚኒባስ ሾፌር መጥቶ ብዙ ቆየበት። ከዚያ ሥዕሉ ላይ ያለው ሰውዬ ሣር አጭዶ የሚሸጠው የት እንደሆነ ጠየቀኝ።

ሞት መሆኑን ስነግረው ሳቁን እንደምንም ዋጠ።

«ወላል፣ ወንድሜ፣ እኔ ሞትን አውቀዋለሁ» አለኝ። «ማጭድ አይዝም። ጋቢና ይገባና ‹ቸኩያለሁ፣ ትንሽ ጨምርበት› ይላል።»

የቀለደ መስሎኝ ነበር። ግን እንደሱ ሾፌር የነበረው ወንድሙ ካራማራ ቁልቁለት ላይ የሞተው አንድ የቸኮለ ተሳፋሪ ሲጎተጉተው እንደነበር ነገረኝ።

አጽሙን በነጭ ቀለም ደፈንኩትና ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ፈገግ ብሎ ወደ ሾፌሩ ጆሮ ያዘነበለ ተሳፋሪ ሣልኩ። ሠራተኛዋ ወደደችው። ችግሩ ፊቱ ነበር፤ ለሞት መልኩን የሚያውስ ሰው ከየት ይገኛል? ቢቸግረኝ መስታወት ፊት ተቀምጬ የራሴን ሣልኩና ጢም ጨመርኩበት።

ሰሌዳው በቆመ በሳምንቱ እናቴ ከሐረር ስትመለስ በአውቶቡስ መስኮት አየችው። ቤት እንደገባች አማተበችና ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው።

«መልአከ ሞት ሰይፉን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አለ፤ እሱን ለምጄዋለሁ» አለች። «አንተን እዚያ ሳይ ግን ከአውቶቡሱ ልወርድ ተነሣሁ።»

ስቄ ላልፈው ነበር፤ እሷ ግን ፊቴን ስላልለቀቀችው መልኩን እንደምቀይር ቃል ገባሁላት።

በማግስቱ ሾፌሩ መሰላሌን ሚኒባሱ ላይ ጭኖ አደረሰኝ። እኔ ላይ ወጥቼ የተሣለውን ሰውዬ አፍንጫ ሳሰፋ፣ ራሰ በራ ሳደርገው፣ ሾፌሩ ከታች ሆኖ ጆሮውንም ትንሽ እንዳስረዝመው ያዝዘኝ ነበር። ስጨርስ በዚህ ምድር ማንንም የማይመስል ሰው የሠራሁ መሰለኝ። ሾፌሩ ራቅ ብሎ አየውና፣ ቁርጥ ትናንት ጋቢና ያሳፈረውን ችኩል ሰውዬ እንደሚመስል ነገረኝ።