የጄቱ ጡረታና የአክስቴ ለቅሶ

የጦር አውሮፕላን ሲያረጅ ጡረታ ይወጣል ይባላል። አይወጣም። ጡረታ የወጣ ጉልበቱን ያመዋል፤ በየጊዜው መሥሪያ ቤት ሄዶ በሕይወት መኖሩን ያረጋግጣል፤ ከጎረቤቱ ጋር ፀሐይ እየሞቀ የድሮ አለቃውን ያማል። አውሮፕላን ከዚህ አንዱንም አያደርግም። ዝም ብሎ ይቆማል፤ በእሱ ፋንታ የሚያማቸው ሌሎች ናቸው።

ዜናውን ያየሁት ጋሸና፣ ወደ ላሊበላ የምሄድበት መኪና እስኪሞላ ምሳ በምበላበት ቤት ነው። ቴሌቪዥኑ አንድ ያረጀ ደብዳቢ ጄት ሲሸኝ ያሳያል። አፍንጫው ላይ የአበባ ጉንጉን አጥልቀውለታል። የእሳት አደጋ መኪኖች ከግራና ከቀኝ ውሃ ይረጩለታል። ዜና አንባቢዋ «አገሩን በታማኝነት አገልግሎ» አለች። አጠገቤ ጥብስ የሚበላ የከባድ መኪና ሹፌር ጉርሻውን እንደያዘ ቀና አለ።

«እኔ ሠላሳ ዓመት ስነዳ አንድ ሰው ውሃ አልረጨልኝም።»

«አንተ ቦምብ ጥለህ ታውቃለህ?» አለችው አስተናጋጇ።

«ሲሚንቶ ጥያለሁ። ያውም ገደል።»

ቤቱ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ጥፋቴ መሳቄ አልነበረም። ቀልዱን ይዤ አክስቴ ዘንድ መሄዴ ነው።

አክስቴ የሚኖሩት ከገነተ ማርያም ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። በእሳቸው አገር ጄትን በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ሰውዬው» ነው የሚባለው። እኔ ልጅ ሳለሁ፣ በጦርነቱ ዘመን፣ ሰውዬው የአገሩን ልማድ ሁሉ ለወጠው። ነጭ ከላይ ይታያል ተብሎ ጋቢና ነጠላ በጭቃ ውሃ ተነከረ። ቄሶቹ ጥምጥማቸውን ፈትተው በብብታቸው ይዘው ይሄዱ ጀመር። ገበያው ጎህ ሳይቀድ ቆሞ ፀሐይ ስትወጣ ይበተናል። ሜዳ ላይ ከአራት ሰው በላይ አብሮ አይቆምም፤ ሁለት ሁለት ሆኖ፣ ገደሉን ተጠግቶ፣ ከዛፍ ወደ ዛፍ ነው የሚኬደው። የላሊበላ አስጎብኚዎች፣ አባቶች ቤተ ክርስቲያኑን ወደ ላይ በመካብ ፋንታ ወደ ታች የፈለፈሉበትን ምስጢር ለፈረንጅ ሲያስረዱ እሰማለሁ። ብዙ መንፈሳዊ ምክንያት አላቸው። እኔ በዚያ ዘመን ስላደግሁ ምክንያት ጠይቄ አላውቅም።

የአክስቴ ባል የሞቱት በዚያን ጊዜ ነው። ሰውዬው አልገደላቸውም። በቦምብ ያልሞተ ሁሉ ከቦምብ ተረፈ የሚሉ አሉ፤ ይህም ስሕተት ነው። እሳቸውን የወሰዳቸው የሆድ ሕመም ነው፣ መደባቸው ላይ እንደተኙ። ሰው ሲሞት ቀድመው የሚደርሱ፣ መቃብር ሲቆፈር አካፋቸውን ለማንም የማይለቁ ሰው ነበሩ። እሳቸውን አራት ሰው ቀበራቸው። ፍትሐቱ አጠረ። አክስቴ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ሁለት ሴቶች አፋቸውን በነጠላ አፍነውባቸው «ኧረ እባክሽ፣ ይሰማል!» አሏቸው። ይህን ያህል ደብተራ ባለበት አገር፣ በዚያ ከፍታ፣ በዚያ ጩኸት ውስጥ የተቀመጠ አብራሪ የሴት ለቅሶ ሊሰማ እንደማይችል ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። ደግሞ በዚያን ቀን ሰውዬው ጭራሽ አልመጣም።

አክስቴ ለባላቸው አልቅሰው አያውቁም። ጦርነቱ አለቀ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ «በሉ አሁን ሰላም ነው፣ ዳስ ይጣልና ይለቀስ» ሲሏቸው «ሰውዬው ሥራ ላይ ነው» ይሉ ነበር። በቅርቡ ሌላ ጦርነት መጥቶ ሰማዩ እንደገና ሲያጓራ «አላልኳችሁም?» ከማለት ሌላ ምንም አልተናገሩም።

እኔ እንግዲህ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው ደጃፉን ተሻግሬ የቀለድኩት።

«እትዬ፣ ሰምተዋል? ሰውዬው ጡረታ ወጣ።»

«በእመቤቴ በል!»

«በእመቤቴ። በቴሌቪዥን አየሁት። አበባ አጥልቀውለታል።»

«አበባ ደግሞ ለምኑ? ሊያገባ ነው?» አሉና በበሩ ሰማዩን አዩ። «ተመልሶ አይነሳም?»

«አይነሳም። ሞተሩም አርጅቷል።»

«እንግዲያው ቄሱን ጥራልኝ።»

የነፍስ አባታቸው መጡ። እሳቸውም አርጅተዋል፤ ነገሩን በዘዴ ሊያበርዱት ሞከሩ። «እናቴ፣ የባለቤትዎ ነፍስ እኮ ከደረሰች ቆየች። አርባቸውም ዓመታቸውም በጸሎት ታስቧል።»

«ስለ ነፍሳቸው መቼ አነሳሁ፣ አባ? የቀረብኝ የኔ ለቅሶ ነው። በቀን፣ በሜዳ፣ ሰው እያየኝ።»

ቄሱ እኔን አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

በየካቲት አንድ ቅዳሜ፣ እህል ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው አውድማ መካከል ትልቅ ዳስ ተጣለ። ጠላው ተጠመቀ፣ ዳቦው ተደፋ። አክስቴ አንድ ጊዜ እንኳ ጭቃ ያልነካው ነጭ ቀሚስ ለብሰው ከጠዋት ጀምሮ ዳሱ ውስጥ ተቀመጡ።

ሰው መጣ። ብዙ ሰው መጣ። ግን አመጣጡን ሳይ ከት ብዬ መሳቅ አማረኝ። ሁለት ሁለት ሆነው፣ መሃላቸውን አራርቀው፣ ገደሉን ተጠግተው ነው የሚመጡት። የደረሰው ሁሉ ዳሱን በሩቁ አልፎ ከወይራዎቹ ሥር ይቀመጣል። ማንም አልተመካከረም። የድሮውን ጦርነት በወሬ ብቻ የሚያውቁት ጎልማሶች እንኳ አባቶቻቸው ወደ ተቀመጡበት ሄዱ። አንዱን ሽማግሌ ጠጋ አልኳቸው።

«ጋሼ፣ ዳሱ ባዶ ሆነ እኮ።»

«ጥላው ይሻለናል፣ ልጄ።»

«ዳሱም ጥላ አለው።»

ዳሱን ከላይ እስከ ታች አዩት። «አለው» አሉ፤ አልተነሱም።

ቢሆንም በኋላ አምስት ሰዎች ቄሱን ተከትለው ገብተው ከአክስቴ አጠገብ ተቀመጡ። አምስት ሰው ለለቅሶ ይበቃል። አክስቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በዚህ መካከል ከአምስቱ አንዱ ወደ እኔ ዞሮ በጨዋ ደንብ ጠየቀኝ።

«አንተ የተማርክ ሰው ነህ። ሰውዬው ጡረታ ከወጣ፣ በቦታው ማንን ተኩ?»

«አላውቅም» ማለት ይቻል ነበር። ብዙ መጽሐፍ ማንበብ ግን ይህን ቃል ከአፍ ያጠፋል። ስለዚህ በደንብ አስረዳሁ። የአሁኑ ውስጡ አብራሪ እንደሌለበት፣ ድምፁ እንደማይሰማ፣ ሌሊትም ቀንም አንድ እንደሚያይ፣ የሚያዘው ሰው ሩቅ ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ነገርኳቸው። ጥሩ ትምህርት ነበር። ከተማ ውስጥ ቢሆን ጥያቄና መልስ ይኖረው ነበር።

ጠያቂው «ድምፅ የለውም አልክ?» አለና እግሩን ሊያፍታታ ተነሣ። ቀጥሎ ሁለቱ ተነሡ። የቀሩት ሁለቱ «ጠላ በመቅዳት እናግዝ» ብለው ወጡ። ሁሉም ወይራው ሥር ተገኙ። ቄሱ ብቻ ቀሩ፤ እሳቸውም ዓይናቸውን ከዳሱ ጣሪያ ላይ አልነቀሉም።

አክስቴ የከፈቱትን አፍ መልሰው ገጠሙ።

«ለባዶ ዳስ አይለቀስም» አሉ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ዛፎቹ ጮኹ፦ «ብሉ! ጠጡ! የመጣችሁበት ነው!» ሰው በላ፣ ጠጣ፣ ሟቹን አመሰገነ፣ ሁለት ሁለት እየሆነ ሄደ።

ሲመሽ እኔና እሳቸው ዕቃ ስንሰበስብ ተናገሩኝ። «እነዚያን አምስቱን በእጄ አስገብቼ ነበር። አንተ ነህ ያበረርክብኝ።»

«እውነቱን ነው የነገርኳቸው፣ እትዬ።»

«እውነቱን ማን ጠየቀህ? እኔ የፈለግሁት የሚቀመጥልኝ ሰው ነው።» ማሰሮውን ደፉት። «በዓመቱ እደግመዋለሁ፣ ከቆየሁ። አንተው ሰው ታመጣልኛለህ። የኛን አገር ሰው አይደለም፤ እሱ ዛፍ ይወዳል። ሰማይ ማየት ያልለመደ ሰው አምጣልኝ።»

አክስቴ ሰማንያን ተሻግረዋል፤ ብዙ የካቲት የላቸውም። የማውቀው ሰማይ ማየት ያልለመደ ሰው ይህን የምታነቡት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ በሚመጣው የካቲት ኑ። ነጭ ልበሱ፣ አንድ ላይ ሆናችሁ በሜዳው ኑ፣ ዳሱ መካከል ተቀመጡ፤ ስለ አውሮፕላን የምታውቁት ነገር ካለም አፋችሁን ዝጉ።