ማን አገዘህ?

ሐይቅ ከምትባለው አገሬ ወደ ዱባይ በወጣሁበት ምሽት አባቴ ስንብቴን ደቦ አደረገው። እኛ ዘንድ ደቦ ሲያበቃ ባለ እርሻው የመጣውን ሁሉ ስም እየጠራ ይመርቃል፤ አንድ ሰው ከዘለለ ቅያሜ ነው። ያን ምሽት ጎረቤቱን ሰብስቦ ያሳደጉኝን ሰዎች መጥራት ጀመረ። "አሰፋ ወንድሜ፣ ጎርፍ ሲሞላ አዝለህ ያሻገርከው፣ አላህ እጅህን ይባርክ! ዘይነባ፣ ሲታመም ያስታመምሽው..." ሚኒባሱ ጥሩምባውን ይነፋል፣ አባቴ ገና ግማሽ ሰፈር ይቀረዋል።

ዱባይ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ነው፤ ዓሣውም የሐይቃችንን ቆሮሶ ለዛ የለውም። በአንድ ድርጅት ፕሮግራመር ሆንኩ። ኮድ በቀየርን ቁጥር የቀየርነውን በአጭር መልእክት እንጽፋለን፤ ኮሚት ይሉታል። እኔ በልማዴ ከሥሩ ያገዘኝን ሰው ስም እጨምራለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ፕሪያ ናት፣ አጠገቤ የምትቀመጠው ሕንዳዊት። ቀኑን ሙሉ የኛን ስህተት ስታቃና ስለምትውል በራሷ ስም የሚገባ ኮድ ጥቂት ነው። ውል የሚታደሰው ደግሞ እነዚህ መልእክቶች ታይተው ነው፤ ካልታደሰላት ወደ አገሯ ነው።

አለቃችን አንድ ቀን ጠራኝ።

"ይሄ ኮድ ነው የሠርግ ጥሪ?"

"ያገዘኝ ሰው ስም ነው።"

"ደንበኛው የሚያውቀው ድርጅቱን ብቻ ነው። መልእክቶቹን በራሱ የሚቀይር ስክሪፕት ጻፍ። ስሞቹን ያጥፋ።"

"የፕሪያ ውል ሊታደስ ነው እኮ።"

"አንተም ውል አለህ።"

ቢለምነኝ ምናልባት እሺ እለው ነበር። ሲያስፈራራኝ ግን ደሜ ፈላ።

ስክሪፕቱን ጻፍኩት። ማንም ኮሚት ሊያደርግ ሲል "ማን አገዘህ?" ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን ከመልእክቱ ሥር ያክላል፤ ካልመለሱለት ንቅንቅ አይልም። ቢሮው ሁሉ ሲስቅ ዋለ፣ ግን ጻፈ። ፕሪያ፣ ፕሪያ፣ አሁንም ፕሪያ።

"አጥፋው!" አለ አለቃችን ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ።

"አላጠፋም። እርስዎ ያጥፉት፤ ግን ለማጥፋትም ማን እንዳገዘዎ ይጠይቅዎታል።"

የሷ ውል ታደሰ፣ የኔ ቀረ። የመኖሪያ ፈቃዴ ሊያልቅ ነው። ይለቅ! ነገም ስም አጥፋ ቢሉኝ ያንኑ ነው የምጽፍላቸው።

ትናንት አባቴ ጋ ደወልኩ። የጤፍ አጨዳ ደቦ ላይ ነበር። ከሥራ መባረሬን ነገርኩት።

"አብሽር ልጄ። በምን ነገር ነው?"

"ያገዘችኝን ልጅ ስም አላጠፋም ብዬ ነው አብዬ። ፕሪያ ትባላለች።"

"የማን ልጅ ናት?"

"አላውቅም፤ የሕንድ ሰው ናት።"

አባቴ እንደ ስንብቴ ምሽት ጮክ ብሎ "ፕሪያ፣ ልጄን ያገዝሽ፣ አላህ እጅሽን ይባርክ!" አለ። አጫጆቹ "አሚን!" ሲሉ ሰማሁ፤ የጋሽ አሰፋን ድምፅ ለየሁት።

"ያንተንስ ስም እዚያ ማን ይጠራልሃል?" አለኝ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ስልኩን ይዤ የአጫጆቹን ጫጫታ ሳዳምጥ ቆየሁ።