ክላይቭና መሪው

ባሌ ክላይቭ ባሕር የሚወደው ሌላው ሰው ሲጠላው ነው። በሐምሌ ፀሐይ ወጥታ ሕዝቡ አሸዋው ላይ ሲተራመስ፣ እሱ ሀል ከተማ ቤቱ ቁጭ ብሎ አጥር ቀለም ይቀባል። ኅዳር ገብቶ ዝናቡ አግድም መዝነብ ሲጀምር ግን፣ "ሎርና፣ ቴርሞሱን ሙዪ፣ መንገድ ልንወጣ ነው" ይለኛል። ከዚያ አልጋ፣ ምድጃና ሽንት ቤት ያለውን ያን ግዙፍ መኪና ይዘን የባሕሩን ዳር ከተሞች እንዞራለን፦ ዊዘርንሲ፣ ሆርንሲ፣ ብሪድሊንግተን፣ ፋይሊ። ሁሉም ዘግቷል። አይስክሬም ቤቱ ዘግቷል፣ የልጆች መጫወቻው ሸራ ለብሷል፣ ሽንት ቤቶቹም እስከ ፋሲካ ተቆልፈዋል።

"ሰላም ነው እኮ!" ይለኛል። መቃብርም ሰላም ነው።

ሠላሳ አራት ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ አንዲት መስታወት አልሰበረም። ይህን የማያውቅ ሰው በዚህ የባሕር ዳር ያለ አይመስለኝም፤ ራሱ ነግሯቸዋል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ባሉት አሥራ አንድ ዓመታትም መሪውን ለእኔ ሰጥቶኝ አያውቅም። የኔ መንጃ ፈቃድ ያን መኪና ያስነዳል፤ ብዙ ጊዜም ነግሬዋለሁ። "አንቺ ካርታውን ያዢ" ነው መልሱ። ሃምሳ ጊዜ የሄድንበትን መንገድ በካርታ!

ዘንድሮ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ሐሙስ ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከሰባ በኋላ እንዲህ የከበደ መኪና ለመንዳት ሐኪም ዓይኑን አይቶ ቅጽ ላይ መፈረም አለበት። ቅጹ ከነሐሴ ጀምሮ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ስጠይቀው "ነገ" ይላል፤ ስጨቀጭቀው ጆሮ ዳባ ልበስ። ሰኞ ጠዋት "ከልደቴ በፊት አንድ ዙር" ብሎ ቁልፉን አነሳ። እኔም ሞኟ ቴርሞሱን ሞልቼ ተከተልኩት።

እኛ ቤታችንን በጎማ ጭነን የምንዞር ሰዎች አንድ ልማድ አለን፤ መንገድ ላይ ቢጤያችንን ስናገኝ እጅ እናነሳለን። አለማንሳት ነውር ነው። በዚህ ጉዳይ ክላይቭ ከጳጳስ ይብሳል፤ እጁን ያላነሳለትን ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሲያማው ይከርማል። ከዊዘርንሲ እንደወጣን አንድ ትልቅ ነጭ መኪና ከፊት መጣና ክላይቭ ሞቅ አድርጎ እጁን አነሳ። የሆቴል አንሶላ የሚያጥቡ ሰዎች መኪና ነው። ሾፌሩ ግራ ቢገባው ጡሩምባ ነፋ፤ እኔ በሳቅ ፈረስኩ።

"ምን ያስገለፍጥሻል?"

"ለቆሻሻ አንሶላ ሰላምታ ሰጠህ!"

"ቀልዴን ነው" አለ ኮስተር ብሎ።

ብዙም ሳንሄድ እውነተኞቹ ቢጤዎቻችን መጡ። ሁለት ሽማግሎች ናቸው፤ እጃቸው እስኪገነጠል ያወዛውዛሉ። ክላይቭ ወደ ፊት እንዳየ ዝም ብሎ አለፋቸው። ሳቄ እዚያው ደረቀ። ይህ ሰው እኔን ሦስት ቀን አኩርፎኝ ያውቃል፣ የመንገድ ሰላምታ ግን ነስቶ አያውቅም።

"አሁን ያለፉትን አየሃቸው?"

"አየሁ እንጂ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!"

"መኪናቸው ምን ዓይነት ነበር?"

"አንቺ ሴትዮ፣ ፖሊስ ሆንሽ እንዴ?"

ሆርንሲ ስንደርስ የከተማው ዋና መንገድ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። የእግረኛ ማቋረጫው ላይ አንዲት ሴት ቀስ ብላ ትሻገራለች። የለበሰችው ቀይ ካፖርት ነው፤ ከሩቅ የሚጮህ ቀይ። ክላይቭ ፍጥነቱን አልቀነሰም። መጀመሪያ "ይቆማል" አልኩ። ከዚያ "አሁን ይቆማል" አልኩ። ከዚያ ግን "ቁም!" ብዬ ጮህኩ።

ቆመ። ከኋላችን ድስቱም ሳህኑም ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ሴትዮዋ ከመኪናው አፍንጫ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ደርቃ ቀረች። ነፍስ ስትዘራ በመዳፏ የፊቱን ቆርቆሮ መታችው።

"ምነው የኔ ጌታ፣ ዓይን የለህም?"

ክላይቭ ተሻግራ እስክታልፍ ጠብቆ መኪናዋን በቀስታ አንቀሳቀሰ።

ባሕሩ ዳር፣ ማንም በሌለበት መኪና ማቆሚያ ወስዶ አቆማት። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከወለሉ ላይ ውሃ ልኩን፣ ያንን በመስታወቱ ውስጥ አረፋ ያለውን ዝንባሌ መለኪያ፣ ፈልጎ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ! መኪናዋ ቀጥ ብላ ካልቆመች ሻይ አይጠጣም፤ በየደረስንበት ጎማ ሥር እንጨት ሲወሽቅ ነው የምንውለው። ደሜ ፈላ።

"ሰው ልትገድል ነበር እኮ! አሁን የምትለካው የጠረጴዛ ዝንባሌ ነው?"

ውሃ ልኩን አንስቶ ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣ አራቀ፣ ወደ ጎን አዘነበለ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዘረጋው።

"አረፋዋ መሃል ላይ ናት?" አለኝ በቀስታ።

ወንበሩ ላይ ዘጭ አልኩ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከሚያዝያ። መሃሉ ጭጋግ ነው። ዳር ዳሩን አያለሁ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ታስቆሚኛለሽ።"

"አዎ አስቆምሃለሁ!"

"ለዚያ ነዋ።"

አዘንኩለት፤ ቁጣዬ ግን ከሐዘኔ በለጠ። "አጠገብህ የተቀመጥኩት እኮ እኔ ነኝ" አልኩት። "ሰባት ወር ሙሉ ጭጋግ ውስጥ ስትነዳኝ፣ ካርታ አስይዘህ!"

ራሱን አቀረቀረ። "እነዚህን ከተሞች አንዴ ልያቸው ብዬ ነው" አለ። "ጨርሰው ሳይጠፉብኝ።"

"ታዲያ ለማየት መንዳት ምን ያደርግልሃል? የሚያይ ሰው የሚያየው ተቀምጦ ነው! ቁልፉን ወዲህ በል።"

እጄን ዘርግቼ ጠበቅኩ። ቁልፉን በጣቶቹ አገላበጠው። ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ ነበር። በመጨረሻ መዳፌ ላይ አኖረው፤ ጣቶቹን ግን ቶሎ አላነሳም።

መሪው ከጠበቅኩት ይልቅ ከባድ ነበር። ክላይቭ በእኔ ቦታ ተቀመጠና የቀበቶውን ማሰሪያ በዳበሳ ይፈልግ ጀመር። አሰርኩለት። መገንጠያው ላይ ስንደርስ በግራ የሀል መንገድ ነው፤ እኔ ወደ ቀኝ ዞርኩ።

"ቤታችን እኮ በግራ ነው" አለ።

"ፋይሊን አላየህም። አፍህን ዝጋና በመስኮት እይ።"

አፉን ዘጋ። በየመታጠፊያው ግን ቀኝ እግሩ ወለሉን ጠበቅ አድርጎ ይረግጣል።

"እዚያ ጋ ፍሬን የለም፣ ክላይቭ።"

"አውቃለሁ" አለ፤ በሚቀጥለው መታጠፊያም ረገጠው።