ጃፋር የከፈተው ላፕቶፕ

ሲኒማ ራስ አካባቢ፣ አንድ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ጃፋርና እኔ አንዲት ጠባብ ሱቅ ለሁለት ተካፍለን እንሠራለን። እኔ በሩ ላይ ቻርጀር እሸጣለሁ፤ እሱ ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል። ስሜ ሙሚና ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጀርባውን ሳይ ስለኖርኩ ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን አውቀዋለሁ ብል አልዋሸሁም። ሰው ሲያናግረው ቀና አይልማ! ስንቱን ደንበኛ «ኧረ ጠባዩ ነው፣ አልተቆጣም» እያልኩ አባብዬ እንደመለስኩ አላህ ይወቀው።

በአሥራ ስምንት ዓመቱ ከኮምቦልቻ መጥቶ አውቶቡስ ተራ ሲወርድ የሚያውቀው ሰው አልነበረውም። ሬዲዮ የሚጠግን ሽማግሌ ዘንድ ተጠግቶ መበየድ ለመደ፤ ከሬዲዮ ወደ ቴሌቪዥን፣ ከዚያ ወደ ኮምፒውተር ተሸጋገረ። ትምህርት ቤቱ ማበላሸት ነበር፤ አበላሽቶ አበላሽቶ ነው አዋቂ የሆነው። ስም ያወጣው ግን የተቆለፈ ላፕቶፕ በመክፈት ነው። እዚህ ሰፈር ያገለገለ ላፕቶፕ ከዱባይ በካርቶን ይገባል። ብዙው የውጭ አገር መሥሪያ ቤት ንብረት የነበረ ስለሆነ፣ ገና ሲበራ፣ ዊንዶውስ እንኳ ሳይመጣ፣ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። የሚጠይቀው ባዮስ የሚሉት፣ ማሽኑን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ክፍል ነው። የጠረጴዛው ኮምፒውተር ቢሆን ትንሿን ባትሪ ነቅሎ መመለስ ይበቃው ነበር፤ ላፕቶፕ ግን ግትር ነው። ጃፋር ሆዱን ይከፍትና የይለፍ ቃሉ የተጻፈባትን የምስር ክክ የምታህል ቺፕ ፈልጎ በሽቦ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር ያገናኛታል። መጀመሪያ በውስጧ ያለውን ገልብጦ ያስቀምጣል፣ ቀጥሎ ያጠፋዋል፣ በመጨረሻ ንጹሕ ይጽፍባታል።

ገልብጦ ማስቀመጡ የሙያው ደንብ ነው፤ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ግን የዱባይ ዕቃ ውስጥ ያለውን ማን ይፈልገዋል? ነጋዴው የሚፈልገው ባዶና ክፍት ማሽን ነው። ስለዚህ ጃፋር ያቺን አምስት ደቂቃ ከተዋት ዓመታት አልፈዋል። አያለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ምን ነካህ አላልኩትም።

እንዲህ እያለን ነው አንድ ማክሰኞ ጠዋት እትዬ በለጥሻቸው ላፕቶፕ በትራስ ልብስ ጠቅልለው የመጡት። ባለቤታቸው ጋሼ ሀብተሚካኤል አርባ ዓመት ሸማ ተራ ጨርቅ ሸጠዋል። ሱቁን ከተዉ በኋላ የእናታቸውን ቋንቋ፣ የጉራጌኛቸውን ቃላት መሰብሰብ ያዙ። ዛሬ ልጆች የማያውቁትን፣ የእንሰት መፋቂያውን፣ የዝናቡን ዓይነት፣ የለቅሶውን አባባል፣ ሽማግሌ ባገኙ ቁጥር እየጠየቁ አሥራ አንድ ዓመት ለቀሙ። መጀመሪያ በደብተር ነበር። ላፕቶፕ ሲገዙ ሁሉንም በአንድ ጣት ገለበጡት፤ ደብተሮቹንም «አሁንማ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል» ብለው ለሚጥሚጣ ነጋዴ መጠቅለያ ሰጧቸው። ከዚያ ደም ግፊቱ ጣላቸው። ቀኝ ጎናቸውንና ምላሳቸውን ወሰደው። ልጆቻቸው የይለፍ ቃሉ ምንድን ነው እያሉ ሲያስጨንቋቸው እንባቸው ብቻ ይወርዳል አሉ።

«ልጄ» አሉት እትዬ በለጥሻቸው፣ «እሱ ከእንግዲህ አይናገርም። የለቀመው ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ፤ ይኼ ይናገርለት።»

ጃፋር ቀና ሳይል ነገ ይምጡ አላቸው። ዛሬም የሚያናድደኝ ይኼ ነው፤ መስማቱን እንኳ እንጃ። የዚያን ቀን ጠረጴዛው ላይ የአንድ ነጋዴ አሥራ አራት የተቆለፉ ላፕቶፖች ተደርድረው ነበር። የእሳቸውን አሥራ አምስተኛ አደረገው፤ እንደሌሎቹም ቺፑን አጥቦ ንጹሕ ጻፈበት።

በማግስቱ ሲያበራው የይለፍ ቃል የሚባል ነገር አልጠየቀም። እኔም ጎሽ አልኩ። ወዲያው ግን አርባ ስምንት አሃዝ ያለው ቁጥር አምጡ የሚል ሰማያዊ ገጽ መጣ። ለካስ ሰነዱ የሚቀመጥበት ዲስክም ለብቻው ተቆልፎ ኖሯል፤ ቁልፉ ደግሞ ጃፋር ባጠባት ቺፕ ውስጥ ነበር! ያ ረጅም ቁጥር የሚገኘው በኢሜይል ነው። ኢሜይሉን ደግሞ ላፕቶፑን የሸጠላቸው ሰው፣ እዚህ እንደምናደርገው፣ ቶሎ ለማስረከብ ብሎ በሆነ ስም ከፍቶት ነበር። ሄደን ጠየቅን። ሱቁ ጫማ መሸጫ ሆኗል፤ የሰውየው ስልክም አይሠራም።

ጃፋር ምናልባት ገልብጬ ይሆናል ብሎ ኮምፒውተሩን ሦስት ጊዜ በረበረ። ከዚያ ዞረ። ፊቱን ያን ቀን ነው በደንብ ያየሁት፤ አመድ መስሏል።

«አላስቀመጥኩም» አለ።

ሰደብኩት፤ አልዋሽም። የሰው ዕድሜ ከካርቶን ዕቃ ጋር ትደባልቃለህ ወይ ብዬ ጮህኩበት። እትዬ በለጥሻቸው ሲመጡ ግን ሳይደብቅ ነገራቸው። ቢረግሙት ይሻል ነበር። ሌላ ባለሙያ ጋ ብወስደውስ ብለው ጠየቁት፤ ይውሰዱት፣ ግን ማንም አይችልም አላቸው። ወሰዱት። አብነት ሰፈር ድረስ ያልጠየቁት ሱቅ የለም።

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ፤ አሁን ላፕቶፑን ይዘው፣ ጋሼ ሀብተሚካኤልን ደግፈው ነው። ላፕቶፑ የተቀመጠበትን እየጠቆመ እንቅልፍ ነሳኝ፣ ምን ላድርግ፣ አለመሠራቱን በዓይኑ ይይ ብዬ ነው አሉ። ሊፍቱ ስለማይሠራ ሦስት ፎቅ በእግር ወጥተዋል። ጃፋር ወንበሩን ለቀቀላቸውና ላፕቶፑን አበራው። ያው ሰማያዊ ገጽ መጣ።

ሽማግሌው ግራኝ ናቸው። ጤነኛዋን ግራ እጃቸውን ዘርግተው፣ ሳያመነቱ፣ በአንድ ጣት ቸብ ቸብ አድርገው ጻፉ። ገጹ ቁጥር እንጂ ፊደል አይቀበልም፤ 1958 የሚለው ብቻ ወጣ። ጃፋር አጥፍቶ አበራው። ደግመው ጻፉ፤ ያው 1958። በሦስተኛው ጊዜ ጃፋር የተጫኑትን ፊደል እያየ ወረቀት ላይ አሰፈረና ለእትዬ በለጥሻቸው አነበበላቸው። ቃሊ፣ 1958።

«ቃሊ እናቱ ናት» አሉ። «በሃምሳ ስምንት ነው መርካቶ የገባው።»

ለካስ የይለፍ ቃሉ ጣታቸው ላይ ነበር! ሁሉም አፋቸውን ጠየቀ፤ ማሽኑን አቅርቦ እጃቸውን የጠየቀ የለም። እኛም እንኳ ያቺን ግልባጭ አስቀምጠን ቢሆን፣ ጃፋር ወደ ቺፑ መልሶ ጽፏት፣ ማሽኑ እንደ ድሮው የይለፍ ቃል ሲጠይቅ እሳቸው ቃሊ ብለው ጽፈው፣ ሁሉም ይከፈት ነበር። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

ጋሼ ሀብተሚካኤል ገጹን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ እጃቸውን አዩት። ቀጥሎ ያደረጉትን ባላየሁ ደስ ባለኝ። ያቺን የቀረቻቸውን አንድ እጅ አንስተው የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ መቷት፤ ደግመው መቷት። ጥፋተኛዋ እሷ መስላቸው ነው።

ጃፋር እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘው። ተንበርክኳል።

«ጋሼ፣ እርስዎ አልረሱም» አላቸው። «የረሳሁት እኔ ነኝ።»

ይግባቸው አይግባቸው እንጃ። እንደገና ጠርዙን ሊመቱባት እጃቸውን ለማስለቀቅ ይታገሉ ነበር። እትዬ በለጥሻቸው ላፕቶፑን አጥፍተው በትራሱ ልብስ ጠቀለሉት። እኔ ከመደርደሪያው ለማሽኑ የሚሆን አዲስ ቻርጀር አውርጄ ሰጠኋቸው። ምን ሊያደርግላቸው እንዳትሉኝ፤ ሌላ የምሰጠው አልነበረኝም።