የነጯ መኪና ፊት

ቅዳሜ፣ ጥር ዘጠኝ ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ታላቅ ወንድሜ አዲሷን መኪናውን እየነዳ ሐይቅ ከተማ ገባ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ የሰርጉ ባለቤት “ይቺ ልጄን አትጭንም” አለ።

ለጥምቀት ከአዲስ አበባ መጥቼ እናታችን ቤት ስለነበርኩ ሁለቱንም በዓይኔ አይቻለሁ።

ወንድሜ የሰርግ መኪና ነጂ ነው። ሌላ ሥራ የለውም። ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ባለው አገር፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ልጁን ሲድር ከፊት የምትሄደው የሱ አውቶሞቢል ነበረች። አሮጌዋ መኪና ነጭ ነበረች፤ ፊቷ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ የሚያብለጨልጭ ፍርግርግ ነበራት። አበባውና ሪባኑ የሚታሰረው እዚያ ላይ ነው። ሐይቅ ውስጥ ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የሰርግ ፎቶ ካያችሁ፣ ከሙሽሮቹ ቀጥሎ ዓይን የሚገባው ያ ፍርግርግ ነው።

በመጨረሻ መለዋወጫ ዕቃዋ ከገበያ ጠፋ፤ ቤንዚን ፍለጋ ደሴ ተሰልፎ መዋልም ሰለቸው። ቤንዚን የምትጠጣ አዲስ አውቶሞቢል ደግሞ ወደ አገር መግባቷ ቀርቷል። ስለዚህ አሮጌዋን ሸጠና የዚያኑ ፋብሪካ አዲስ ሞዴል ገዛ። ባለ ኤሌክትሪክ ናት፤ መልኳም እንደ አዲስ ተቀርጿል። ባለ ትልቅ ስም መኪና ናትና ስሟ ይበቃኛል ብሎ አሰበ። ስሟ አልበቃውም።

የመጀመሪያው ሰርግ ለጥር አሥራ ሰባት፣ እሁድ፣ ተይዟል። ሙሽሪት የሐይቅ ልጅ ናት፤ ሙሽራው የአምባሰል ሰው ነው፣ ከውጫሌ። የሙሽራው አባት በሐይቅና በውጫሌ መካከል የሚሠራ ሚኒባስ አለው፤ መኪናዋን ለሰርጉ የያዘውም እሱ ነው። በእኛ አገር የጥር ሰርግ ወሬው ሩቅ ይሄዳል። አንድ ሰርገኛ የመለሳትን መኪና ሁለተኛው አይጠራትም። ወንድሜ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል።

ሰውየው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዓሣ ከምንበላበት ቤት ደጅ ላይ አገኘን። ሰላምታውን ጨርሶ መኪናዋን ዞራት። ከኋላ ጀመረና ፊቷ ጋ ሲደርስ ቆመ።

“አፏ የታለ?” አለ።

“የማን?” አለው ወንድሜ።

“የመኪናዋ ነዋ! የድሮዋ አፍ ነበራት፣ ጥርስ ነበራት። ይቺ የተለጎመች በቅሎ ነው የምትመስል።”

“አያ፣ አዲሱ ዲዛይን ነው። ኤሌክትሪክ ስለሆነች እንደ ድሮዋ አየር አትስብም።”

“አየር ካልሳበች ሞታለቻ! በዚች ልጄን አስጭኜ ውጫሌ ብገባ ‘ማን ሞተባችሁ?’ ብለው ነው የሚቀበሉኝ።”

ፊቷን እኔም አየሁት። ከመብራት እስከ መብራት ልሙጥ ነጭ ነው። ከታርጋው በስተቀር ዓይን የሚያርፍበት ነገር የለም። የመንገዱ አቧራ ለብሶታል።

ወንድሜ ሊከራከር አፉን ሲከፍት ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። “አንተ አዲስ አበባ እየዞርክ የሰው አስተያየት መሰብሰብ ሥራህ ነው አይደል? የዚህን አገር የመኪና ባለቤቶች ጠይቅልኝ። እነሱ ካመሰገኗት አፌን ይዤ እቀበላለሁ። ከናቋት ግን ወንድምህ እንዳይቀየመኝ። ሐሙስ እመጣለሁ። ብቻ ወንድሜ ነው ብለህ እንዳታዳላ።”

“ጠይቅ” አለኝ ወንድሜ። “ያሉትንም ሳትቀንስ አምጣ።”

ማታ ወደ ቤት ስንገባ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ወንበሮቹ በሙሉ በላስቲክ እንደተሸፈኑ ናቸው፤ በተነቃነቅን ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ሻጮቹ በአካሏ ላይ ያለውን መከላከያ ላስቲክ ፀሐይ ሳያደርቀው እንዲያነሳ ነግረውት የኮፈኑንና የጣሪያውን በእጁ ልጦታል። የወንበሩን ግን እምቢ አለ። “ሙሽራ የምትቀመጥበት ነው” አለኝ፣ ነገሩ ያለቀ ይመስል። ከመሪው ፊት ባለው ክሩስኮት ላይ አንዲት ብርቱካናማ ምልክት በርታ ነበር፤ ከሥሯ የቻይና ጽሑፍ አለ።

“ይቺ ምንድን ናት?”

“አዲስ መኪና እንደ ሕፃን ነው፤ ያለቅሳል። ሲለምድ ይተዋል።”

መጠየቅ የጀመርኩት በዓሉ እንዳለፈ፣ ማክሰኞ ነው። ለሁሉም አንድ ጥያቄ ያዝኩ፤ “ከፊት ስታያት መጀመሪያ ምን መሰለችህ?” የሚል። ወንድሜ መኪናዋን በዋናው መንገድ ዳር አቁሟት ስለሚውል ያላያት አልነበረም። ሰው ሳይጨርስ አላቋረጥኩም፤ የኔንም አስተያየት ለማንም አልተናገርኩም።

ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፤ ከኔ በፊት የነበሩትን ልጆች ያስተማሩ፣ ኮሮላቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቁ። የኮሮላዋ አንድ መብራት ከሌላ መኪና የመጣ ስለሆነ ሁለቱ ዓይኖቿ አይመሳሰሉም። መምህሩ ጥያቄዬን ሰምተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ነገር የሚሠራውን መምሰል አለበት። ታንኳ ታንኳ ይመስላል። በር በር ይመስላል። ይቺ ምን ትመስላለች? ምንም! ሠሪው ስሎ ሳይጨርስ ምሳ ሰዓት ደርሶበታል።”

አጠገባቸው የተቀመጡት ሐጂ ሳቁ። ሐጂ የአይሱዙ ባለቤት ናቸው፤ እህል ይጭናሉ። “ዓይኗ የተንሸዋረረ መኪና ይዞ ስለ ፊት ሲያወራ አትሰማውም?” አሉኝ።

“ሐጂ፣ የኔን ተዋት። ይልቅ አንተ መልስ።”

“ወላሂ እኔ እውነቱን ነው የምናገር። የድሮዋን ከሩቅ ሳያት ‘ሰርግ መጣ’ እል ነበር። ይቺን ከሩቅ ሳያት ‘ፍሪጅ መጣ’ አልኩ።” ደግሞም ጨመሩ፤ “ወንድምህን ግን እወደዋለሁ። ይህንንም ንገርልኝ።”

ያመሰገነቻት አንዲት የመድኃኒት ቤት ባለቤት ናት፤ ትንሽ ቀይ ቪትዝ ትነዳለች። “ፊቷ እንደታጠበ ሳህን ነው፤ ወድጄዋለሁ” አለች። “እናንተ ወንዶች መኪና ካልገላመጠቻችሁ መኪና አትመስላችሁም።” ከሷ በስተቀር፣ እስከ ረቡዕ ማታ የጠየቅኋቸው የሚኒባስ፣ የፒካፕና የቤት መኪና ባለቤቶች በሙሉ በአንድም በሌላም መንገድ “አፍ የላትም” አሉ። አንዱ የሽንኩርት ነጋዴ “ከኋላዋ ብትሄድስ?” ብሎ ከልቡ ጠየቀኝ። በሪቨርስ ሰርግ ትምራ ማለቱ ነው።

ረቡዕ ማታ ለወንድሜ ነገርኩት። የፍሪጁን ነገር ልዝለለው ወይ ብዬ አስቤ ነበር፤ አልዘለልኩትም። ራቱን አቁሞ ሰማኝ።

“መምህርም?”

“መምህርም።”

“ሐጂም ፍሪጅ አሉ?”

“አሉ። እወደዋለሁም ብለዋል።”

እጁን ታጠበና ተነሳ። “ነገ ላቫጆ ላይ ሁሉም ይምጡልኝ። አቧራ ለብሳ ነው ያዩዋት። ታጥባ ይዩዋት፤ ከዚያ የፈለጉትን ይበሉ።” እናታችን “ልጄ፣ ሰውየው ካልፈለገ ተወዋ፤ ሌላ ሰርግ አይጠፋም” አለችው። “እማዬ፣ የመጀመሪያው ከጠፋ ሌላው አይኖርም” አላትና መኪናዋን ሊቆልፍ ወጣ።

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለው ላቫጆ ደጅ ሞልቶ ነበር። ግማሹ ለመፍረድ፣ ግማሹ ለመሳቅ የመጣ ነው። የሙሽራው አባት ሚኒባሱን አቁሞ፣ ጋቢውን አጣፍቶ ቆመ። አጣቢው አረፋውን በጎማ ውኃ አወረደላት። መኪናዋ ነጭ ሆነች፤ ፊቷ ግን ያው ነው። እንዲያውም አቧራው ሲለቅ ባሰባት።

የሙሽራው አባት “እሺ፣ ምን አሉህ?” አለኝ።

ሰዎቹ ባሉበት ያሉትን ነገርኩት፤ ያመሰገነችውንም የናቋትንም። አሳምሬ አላቀረብኩም። ወንድሜ በሩን ተደግፎ መሬት መሬት እያየ ሰማ። ፍሪጅ የሚለው ጋ ስደርስ ሕዝቡ ሳቀ፤ ሐጂ “አስተግፊሩላህ” ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

“እንግዲህ ሰማህ” አለው ሰውየው ወንድሜን። ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም። “እኔ ብቻ አይደለሁም።”

ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። መምህሩ ግን ሳያስረዱ ማለፍ አይሆንላቸውም። ወደ መኪናዋ ቀርበው እንደ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ለፊቷ ቆሙ። “እዩ እስቲ፣ እዚህ ላይ መስመር ያስፈልግ ነበር። ከዚህ፣ እስከዚህ!” ብለው በመብራቱ ጥግ በጥፍራቸው አሰመሩ።

ነጩ ተላጠ።

“መምህር! ቀለሙን!” ወንድሜ ጮኾ እጃቸውን ያዘ። መምህሩ ደነገጡ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ። “በቅዱስ እስጢፋኖስ፣ ነካሁት እንጂ አልላጥኩም!” አሉ። ከመብራቱ ጥግ አንዲት ነጭ ጠርዝ ተነስታ ትንቀጠቀጣለች፤ ውኃ ገብቶባታል። ከሥሯ ጥቁር ነገር ይታያል።

ወንድሜ ተንበረከከ። ጠርዟን በሁለት ጣቱ ያዘና ቀስ ብሎ ሳባት። አልተቀደደችም። እንደ ተቀቀለ እንቁላል ሽፋን ተከትላ መጣች፤ ከመብራት እስከ መብራት፣ በታርጋው ዙሪያ፣ አንድ ወጥ ነጭ ላስቲክ። ፋብሪካው በመርከብ ሲያሳፍራት በልኳ ቆርጦ ያለበሳት ነው። ቀለሟን መስሎ፣ አቧራውን ጠጥቶ፣ ከኮፈኑና ከጣሪያው ላስቲክ ተለይቶ ቀርቶ ነበር። ከሥሩ እንደ መስታወት የሚያበራ ጥቁር ሰሌዳ ወጣ፤ በሰሌዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ቀጥ ያሉ ቀጫጭን የብር መስመሮች ተደርድረዋል። የድሮው ፍርግርግ ነው፤ መስታወት ውስጥ ገብቶ።

ሁሉም ጎንበስ ብለው አዩዋት። ከዚያ ሐጂ፣ “ሱብሃነላህ! ጥርስ አበቀለች!” አሉ።

ሳቁ ሐይቁ ዳር ሳይሰማ አልቀረም። የሙሽራው አባት ጋቢው እስኪወድቅ ሳቀ። “ብዬ ነበር! ተለጉማለች ብዬ ነበር!” ወንድሜ ላስቲኩን በእጁ እንደያዘ ቆሟል። እሱም ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ ግን ዓይኑ ሰውየው ላይ ነው።

“እንግዲህስ?” አለው።

ሰውየው ወደኔ ዞረ። እኔ ደግሞ፣ “እስካሁን የጠየቅኩት ስለ ላስቲኩ ነው። ስለ መኪናዋ ገና አልጠየቅኩም” አልኩት። እዚያው ላቫጆው ደጅ ላይ ያንኑ ጥያቄ ለያንዳንዱ ደገምኩ።

ሐጂ “ፍሪጅ አይደለችም፤ ፍሪጅ ጥርስ የለውም” ብለው መሰከሩ። የሽንኩርት ነጋዴው ከፊት ትሂድ አለ። መምህሩ አገጫቸውን ይዘው ብዙ አዩዋት።

“አሁን ደግሞ ጥርሷ በዛ” አሉ።

የመድኃኒት ቤቷን ባለቤት ሱቋ ድረስ ሄጄ፣ በስልኬ ያነሳሁትን ፎቶ አሳየኋት። “ውይ፣ በፊት ነበር የሚያምርባት! ምን ነካችሁ?” አለችኝ። ይህንንም ተመልሼ ተናገርኩ።

የሙሽራው አባት ሁሉንም ሰምቶ መኪናዋን እንደገና ዞረ። ፊቷ ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ዳሰሳት። “ልሙጥ ነው። አበባው የት ይታሰራል? ሪባኑስ?” አለ። አበባ ፊት ላይ ያልታሰረባት የሰርግ መኪና እኛ አገር ታይታ አታውቅም።

“ፊቷ ላይ አይታሰርም” አለ ወንድሜ።

“እና?”

“ኮፈኑ ላይ ይሆናል። ፊቷን ሸፍኜ ሳምንት ሙሉ ተሰደብኩ፤ ከእንግዲህ ፊቷ ላይ አበባም ቢሆን አላስቀምጥም። አያ፣ ከወደዷት እንዲህ ናት። ካልወደዷትም እሁድ መጥቼ እንደ ማንም ዘመድ አጨበጭባለሁ። ሌላ ነገር ግን አልልም።”

ሰውየው ከትከሻው የወረደውን ጋቢ መለሰ። ወደ ሐጂ አየ፤ ሐጂ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ወደ መምህሩ አየ፤ መምህሩ “ጥርሷ በዝቷል ብያለሁ፤ ከፊት አትሂድ አላልኩም” አሉ።

“እንግዲያው ኮፈኑ ላይ ይሁን” አለ ሰውየው። “ሐጂ፣ ይመርቁን።” ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሁላችንም አሜን አልን።

ከምርቃቱ በኋላ ወንድሜ መኪናዋን ሲያስነሳ ከጎኑ ገብቼ ክሩስኮቱን አየሁ። ብርቱካናማዋ ምልክት ጠፍታለች፤ ለካ መኪናዋ ታለቅስ የነበረው ላስቲኩ የፊቷን ሴንሰር ሸፍኖባት ነው።

እሁድ፣ ጥር አሥራ ሰባት ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መኪናዋ ሙሽሮቹን ጭና ከሐይቅ ተነሳች፤ ከሰርገኛው ሁሉ ፊት ነበረች። ውጫሌ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ገባን። አበባው ኮፈኑ ላይ ነበር። የወንበሩ ላስቲክ አልተነሳም።