ለቅሶ የደረሰው የነዳጅ ኩባንያ ሰውዬ

እኔ ሰው አላምንም። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ጎረቤት ጎረቤቱን በሚጠረጥርበት ሰፈር ከርሜ ነው ለንደን የገባሁት። ስልክ ሲጮህ እንኳ መጀመሪያ የምለው "ምን ፈልጎ ነው?" ነው። ስለዚህ ያ የቴክሳስ ሰውዬ ሆሎዌይ፣ ቤቴ ድረስ እየደወለ የአክስቴን ጤና መጠየቅ ሲያበዛ፣ ገና ከመጀመሪያው ልቤ አልወደደውም።

አክስቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት አሜሪካ ነው። ቴክሳስ ውስጥ አንድ ገበሬ አግብተው፣ ልጅ ሳይወልዱ አብረው አረጁ። ባላቸው ሲሞቱ ብቻቸውን ቀሩና ትንሽ ልጽናና ብለው እኔ ጋ መጡ። ባልየው እርሻውን በቁማቸው ለጎረቤት ሸጠውታል፤ ከመሬቱ በታች ያለውን ማዕድን ግን አልሸጡም፣ ለአክስቴ አወረሷቸው። ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ።

"እትዬ፣ የመሬት ሆድ ደግሞ የሰው ይሆናል እንዴ? እኛ አገር እንኳን ሆዱ ጀርባውም የመንግሥት ነው!"

እሳቸው አልሳቁም። "እዚያ ይሆናል። ከባሌ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው" አሉ።

ያን የመሬት ሆድ አንድ የነዳጅ ኩባንያ ተከራይቶ ጉድጓድ ቆፍሮበት ነበር። የውሉ ዘመን አልቋል፤ ሰውዬው የሚደውለውም ለዚሁ ነው። "አዲስ ነገር የለም፣ ጉድጓዱ እስከሠራ ድረስ ውሉ ይቀጥላል፤ ለወጉ ያህል ማራዘሚያው ላይ ይፈርሙልን" ይላል። ምላሱ ማር ነው። እኔ ደግሞ "ለወጉ ያህል" የሚል ሰው ስሰማ ደም ስሬ ይገታተራል። አዲስ ነገር ከሌለ ፊርማው ምን ያደርግለታል?

"አይፈርሙም!" አልኩ።

"ምን ሆነሻል አንቺ? ለቅሶዬን የደረሰ ሰው እኮ ነው።"

ነገሩ የከረረው እዚህ ላይ ነው። ባላቸው የሞቱ ጊዜ በዚያ ሜዳ በአቅራቢያቸው አንድ ሐበሻ አልነበረም። ሰውዬው ግን አበባ ይዞ መጣ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ተቀመጠ፣ የባልየውን ፎቶ አይቶ "ጥሩ ሰው ነበሩ" አለ። ለቅሶ የደረሰን ሰው እኛ ዘንድ ማን ፊት ይነሳዋል? እርሻውን የገዛው ጎረቤት በበኩሉ ደጃቸውን አልረገጠም። እናም በአክስቴ ዘንድ ኩባንያው ዘመድ፣ ጎረቤቱ ደመኛ ሆኖ ቀረ።

"እኔም እኮ አልደረስኩም" አልኳቸው። ጥገኝነት ጠይቄ ወረቀቴን እየጠበቅሁ ስለነበር ከአገር መውጣት አልችልም ነበር።

"አንቺማ ምን ታደርጊ" አሉ። ይቅር ያሉኝ ይመስላል፤ ፊታቸውን ግን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

በማግስቱ ፓርክ ሮያል፣ የምሠራበት ሳንድዊች ፋብሪካ ውስጥ፣ ዳቦ ላይ ቅቤ ስቀባ ይህንኑ ሳብሰለስል ዋልኩ። ኦፍ በሆንኩ ቀን አክስቴ ከኖሩበት አውራጃ አንድ ጠበቃ ፈልጌ ደወልኩ። ጠበቃም አላምንም፤ ይህኛው ግን ገና ከሰላምታው "እንዳይፈርሙ" ስላለኝ ወደድኩት። ዘመኑ ያለቀ ውልን በሕይወት የሚያቆየው እየወጣ ያለ ነዳጅ ብቻ ነው አለኝ። መጀመሪያ ጉድጓዱ ይሠራ እንደሆነ አጣሩ። ቆሞ ከሆነ ውሉ ሞቷል፤ ኩባንያው መልቀቁን በጽሑፍ ይስጥና አውራጃው መዝገብ ቤት ይግባ። ከዚያ ወዲያ የፈለገ ሁሉ፣ ያው ኩባንያም ቢሆን፣ እንደ አዲስ ተደራድሮ ይከራያል። ማራዘሚያው ላይ ከፈረሙ ግን የሞተውን ውል በገዛ እጃቸው አስነሱት ማለት ነው።

"ጉድጓዱን ቼክ የሚያደርግላችሁ ሰው አለ?" ሲል ጠየቀኝ። እዚያ ያለን ሰው ያ ደጅ ያልረገጠው ጎረቤት ብቻ ነው።

"ለሱ ከምደውል ጥንቅር ብሎ ይቅር!" አሉ አክስቴ።

"እትዬ፣ በሞቴ! ፍቅሩን አይደለም የምንፈልገው፣ ዓይኑን ነው።"

ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ አኮረፍኩ። በመጨረሻ ቁጥሩን ሰጡኝና በስፒከር ደወልን። ጎረቤትየው ቁጥብ ነው። ፓምፑ ከቆመ ቆይቷል፣ ላሞቼ ጥላው ሥር ይተኛሉ አለ። ሰሞኑን ግን የኩባንያው ሰዎች መጥተው ዙሪያውን ሲለኩ አይቷል። ወይ ጉድ! ውሉ ሞቶ፣ እነሱ አዲስ ሊቆፍሩ አስበው፣ በአሮጌው ዋጋ ሊያስፈርሟቸው ነበር ማለት ነው።

አክስቴ የጠየቁት ግን ሌላ ነው። "ለምን ለቅሶ ሳትመጣ ቀረህ?" አሉት በእንግሊዝኛ።

"ሐዘንተኛ ብቻዋን መሆን ትፈልጋለች ብዬ ነው፤ ልረብሽዎ አልፈለግሁም" አለ።

አላመኑትም። እውነት ለመናገር እኔም አላመንኩትም።

ከዚያ አክስቴ ራሳቸው ለኩባንያው ሰውዬ ደወሉ። እንደማይፈርሙ ነገሩት፤ መልቀቂያውን በጽሑፍ እንዲልክ አዘዙት። አልተከራከረም፣ "እሺ" አለ። እንዲያ ሲቀለው ጊዜ ይብስ ተናደድኩ። ስልኩን ይዘጋሉ ስል፣ አክስቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ያን ቀን አበባ ይዘህ የመጣኸው ለባሌ ነው ለውሉ?" አሉት።

መዋሸት ይችል ነበር። ውሸታም ነው ስል የከረምኩት እኔ፣ ያኔ ምነው በዋሸ አልኩ።

"የውል ባለቤት ሲሞት ወራሹን መጎብኘት ሥራዬ ነው፣ እሜቴ" አለ።

አክስቴ አመስግነው ዘጉ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና "ታዲያ ማን አለቀሰልኝ?" አሉ። ከዚያ መርዶው ገና አሁን እንደተነገራቸው ሁሉ ባላቸውን እየጠሩ ማልቀስ ጀመሩ። ምንጣፉ ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ አብሬ አለቀስኩ፤ እኚያን ሰው በዓይኔ እንኳ አይቻቸው አላውቅም።

ጠዋት ፋብሪካ ደውዬ ለቅሶ ላይ ስለሆንኩ አልመጣም አልኩ። አለቃዬ ማን እንደሞተብኝ ጠየቀኝ።

"የአክስቴ ባል።"

"መቼ?"

"ትናንት" አልኩት።