የሲትና ጠማማ መስመር

አክስቴ ሲትና በሁለቱም ጉንጮቿ ላይ ሦስት ሦስት መስመር ነበራት። የእኛ የሱዳን ጀዓሊዮች የጎሳ ምልክት ነው፤ በልጅነት በምላጭ ይበጣል። በቀኝ በኩል መካከለኛው መስመር ግን ጠማማ ነበር፤ ስትበጣ ተንፈራግጣ ራሷ ነች ያበላሸችው። በዚያ ስንስቅባት ኖረናል።

አጥባራ ላይ ባቡር ሲነዳ የኖረው ባሏ በሺር፣ ካረጀ ወዲህ ሰው መለየት ተወ። የገዛ ልጆቹን "እናንተ የማን ናችሁ?" ይላቸዋል። ሲትናን ብቻ አይረሳም። ጠዋት ጠዋት ጣቱን በዚያች ጠማማ መስመር ላይ ያስኬድና "መጣሽ፣ ሲትና?" ይላል።

አንድ ቀን ታዲያ ሌላ ቦታ ያጣ ይመስል እዚያችው መስመር ላይ እብጠት ወጣባት! እንደ ሽምብራ ጠንካራ ነው፤ አያማትም። ቤተሰቡ "ጠባሳው ነው ያበጠው" ብሎ በጋለ ምስማር አስተኮሳት። "ተዉ፣ ሐኪም ይየው" ብል ማን ሰምቶኝ! የመጀመሪያው ሐኪምም ከተቃጠለው ቆዳ ላይ ቆንጥሮ መረመረና "ጠባሳ ነው" ብሎ ሸኘን። እብጠቱ እያደገ ሄደ።

ካርቱም ያገኘናት ዶክተር ኢኽላስ ግን በጣቷ ዳበሰችውና ከጥልቁ ናሙና ወሰደች። ነገርን ከሥሩ ማለት ይሄ ነው። ውጤቱ ሲመጣ ወንበሯን ወደ ሲትና አስጠጋች።

"ሐጃ፣ ስንት ዓመት ሠርቼ ብዙም ያልገጠመኝ የቆዳ ዕጢ ነው። ከቆዳው በታች ሥር ሰዷል። ደህና ከሚመስለው ሥጋ ጭምር ሰፋ አድርጌ ካልቆረጥኩት ይመለሳል።"

"መስመሬስ?"

"ሦስቱም ይሄዳሉ።"

"እንግዲያው ተዪው፣ ልጄ። ሽማግሌው በምን ያውቀኛል?"

ደሜ ፈላ። "አፈር ከገባሽ በኋላስ በምን ሊያውቅሽ ነው?" ብዬ ጮኽኩባት። ጠማማዋን መስመር በጣቷ ዳበሰችና "እሺ" አለች።

ዕጢው ወጣ። ጠርዙ ሁሉ ንጹሕ መሆኑ እስኪረጋገጥ ቁስሉን ሸፍነው አቆዩት፤ ከዚያ ከጭኗ ቆዳ ወስደው ጉንጯ ላይ ሰፉላት። ዶክተሯ ደስ አላት፤ እኔም አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ቤት ስንገባ በሺር አልጋው ላይ ተቀምጧል። ሲትና እጁን ይዛ ቀኝ ጉንጯ ላይ አደረገችው። ጣቱ ለስላሳው ቆዳ ላይ ሄደ፤ ቆመ፤ ደግሞ ተመለሰ። ቶሎ ብላ ግራውን አዞረችለት። ቀጥ ያሉትን ሦስት መስመሮች ዳብሶ በትሕትና ፈገግ አለ።

"ለካ የእኛው ወገን ነሽ!" አላት። "ተቀመጪ እህቴ፣ ሲትና አሁን ትመጣለች።"

ሲትና አጠገቡ ተቀመጠች። እኔ እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

ቆየት ብሎ "ምነው ዘገየች?" አለና በሩን ተመለከተ።